ከብዙ ሺህ ሰው ደም

ነርሷ ፋና የጠብታውን መቆጣጠሪያ በአውራ ጣቷ ይዛ አልጋው ላይ የተኛችውን ሴት ትመለከታለች። ንግሥቴ አላወቀቻትም፤ የዐይኖቿ ቆቦች ወድቀው የሚታያት የነጩ ጋዋን ጫፍ ብቻ ነው።

በጠብታ የሚሰጣት መድኃኒት ትናንት ከአዲስ አበባ በበረዶ ሣጥን ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ገብቷል። ሐኪሙ ዛሬ ጧት ለንግሥቴና ለአባቷ ሲያስረዳ፣ የሚያደክማት የገዛ ደሟ እንደሆነ፣ ጡንቻዋን እንደ ጠላት ቆጥሮ እንደሚዋጋ ነግሯቸዋል። ለፋና ደግሞ በቀስታ ይውረድ፣ ከፈጠነ ኩላሊት ይጎዳል ብሏታል። መቆጣጠሪያው ለአውራ ጣት በጣም ልዝብ ነው፤ ትንሽ ቢገፉት ጠብታው ይፈጥናል።

ይህ ድካም ማንኩሳ ሳለች ሲጀምራት፣ አባቷ አያ ወንዳወቅ በጭስ አፍነው «ማን ነው የበላሽ?» እያሉ ጠየቋት። እሷም የሸክላ ሠሪዋን የአየለችን ስም ጠራች። ከዚያ ወዲያ ጅጋ ገበያ ከአየለች እጅ ማሰሮ የሚገዛ ጠፋ። አቤት ብትል የቀበሌው ሊቀመንበር ሳይቀር ደጁን ዘጋባት። ቡሬ ተሰዳ በሰው ቤት ሞተች። የፋና እናት ነበረች።

«ምንድን ነው እሱ፣ ልጄ?» ይላሉ አያ ወንዳወቅ ከጥግ።

«ደም ነው፣ አባቴ።»

«ደም? ይሄ ውኃ አይደለም እንዴ?»

«ከብዙ ሺህ ሰው ደም ተጣርቶ የወጣ ነው። ሸክላ ሠሪም አይጠፋበትም።»

ሽማግሌው ያማትባሉ። «ልጄ የሰው ደም ልትጠጣ?»

«ካሉ እነቅለዋለሁ።»

ልጃቸውን ያያሉ። «ተዪው… ይውረድ» ይላሉ።

«በፊት ግን ያኔ እርስዎ የጠየቋትን እኔም ልጠይቃት።» ፋና ወደ ንግሥቴ ጆሮ ጎንበስ ትላለች። «የአየለች ልጅ ነኝ። ማን ነው የበላሽ?»

የንግሥቴ ድምፅ በአፍንጫዋ በኩል ሾልኮ ይወጣል። «ራሴ… ራሴው ነኝ።»

«አባትሽ አልሰሙም።»

«ራሴ ነኝ።»

አያ ወንዳወቅ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ።

ፋና መቆጣጠሪያውን ልክ ሐኪሙ እንዳዘዘው በቀስታ ትከፍታለች። «አትሞቺም» ትላታለች በለሰለሰ ድምፅ። «ድምፅሽ ሲመለስ ጅጋ ገበያ መካከል ቆመሽ ትደግሚዋለሽ። የማድንሽ ለዚያ ነው።»

የመጀመሪያው ጠብታ ይወርዳል። ፋና የንግሥቴን የወደቀ የዐይን ቆብ በጣቷ ቀስ አድርጋ ታነሣና፣ ቁርጥ አየለችን የመሰለ ፊቷን አቅርባ፣ እንዳይከደን ደግፋ ትይዘዋለች።