የመሪጌታ ገመድ

ከመሪጌታ ልሳነወርቅ ደጃፍ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ ገመድ ተዘርግቷል። የዘረጉት አባታቸው ናቸው፤ እርሳቸውም እንደ ልጃቸው ዐይነ ስውር ነበሩ። መሪጌታ ዕድሜ ልካቸውን ያንን ገመድ ይዘው እየሄዱ ማሕሌት ቆመዋል።

ዛሬ ግን ዘረ መሉ በማኅፀን ሳይታረም የሚወለድ ሕፃን የለም። ቤተ ክህነቱም ለዚህ የምስጋና ጸሎት ደርሶ ከክርስትናው ሥርዐት ጋር አያይዞታል። የልጅ ልጃቸው አርባ ቀን ሲሞላው ጸሎቱን እንዲያደርሱ የተለመኑት መሪጌታ ነበሩ።

«ስለ ምን ላመስግን?» አሉት ልጃቸውን ተድላን፣ በዋዜማው።

«ከሕፃኑ ስለ ተወገደለት ደዌ ነዋ፣ አባባ።»

«ደዌው እኮ እኔ ነኝ።»

«እርስዎን ማን ነካዎት? ጥበቡንስ የሰጠው ያው እግዚአብሔር አይደለም?»

«ነው እንጂ። ልጁ በማየቱ እንደ ማንም አያት ደስ ብሎኛል፤ ስለ ዐይኑ እስኪነጋ ላመስግን። እንደ እኔ ያለ ሰው ዳግመኛ ስላለመፈጠሩ ግን በየትኛው አንደበቴ?»

«ጸሎቱ ካልደረሰ ልጁ አይጠመቅም።»



በማግስቱ ነጭ ለብሰው ወጡና እጃቸውን ወደ ገመዱ ሰደዱ። የጨበጡት አየር ነበር።

«ገመዱስ?»

«የክርስትናውን ድንኳን ወጠርንበት፣ አባባ። ከእንግዲህ ማን ይይዘዋል ብለን ነው።»

እጃቸው ከተዘረጋበት ለመመለስ ጥቂት ቈየ።

«በል እንግዲያ ምራኝ» አሉት። «ጸሎቱን በቃሌ አጥንቼዋለሁ።»