ባለ ቀይ ክዳኖቹ

ሴትዮዋ የቤተ ሙከራውን አይጦች ታበላለች፤ ሳጥናቸውን ታጥባለች። ባልደረቦቿ «የአይጥ እናት» ይሏታል። «ከእናንተ እነሱ ይሻላሉ፤ ሲበሉ ሰው አያሙም» ትላቸዋለች። ጠዋት ጸሎቷን ሳታደርስ የመኖ ጆንያ አትከፍትም።

ባለ ቀይ ክዳን ሳጥን ውስጥ ያሉት አይጦች ቪታሚን የገባበት መኖ ይበላሉ። ባለ ነጭ ክዳኖቹ ተራውን ይበላሉ። ቪታሚኑ ካንሰርን ይከላከል እንደሆነ ሊታይ ነው።

አይጦቹ ሲመረመሩ ነገሩ ተገለበጠ። የካንሰር እባጭ የበዛው ባለ ቀይ ክዳኖቹ ላይ ነበር።

ሙከራውን የሚመራው ዶክተር ጠራትና በሩን ዘጋ።

«እትዬ፣ መኖውን አቀያይረውታል።»

«ኧረ አላቀያየርኩም!»

«ሰው ይሳሳታል። ተሳስቻለሁ ይበሉኝ፤ በቃ፣ አልቆጣም።»

«ያላደረግሁትን?»

«እንግዲያው ከነገ ጀምሮ እንዳይመጡ።»

ኮሪደሩ ላይ የጽዳት ሠራተኛው ጠበቃት።

«አንቺ ሴትዮ፣ እሺ ብትይው ምን አለበት? በዚህ ዕድሜሽ ማን ይቀጥርሻል? ሰውዬው እንደሆነ በዚህ ቪታሚን ስሙን ሊያስጠራ ቋምጧል። እንዳይበላሽበት ነው።»

«ለሱ ስም ብዬ የኔን አላቆሽሽም። የሰው ፊት ይጥቆርብኝ፤ የፈጣሪ ፊት አይጥቆርብኝ እንጂ!»

ተመልሳ ገባች። ተቀመጪ ሳትባል ተቀመጠች።

«ስማኝ፣ ልጄ» አለችው። አንቱታውን በር ላይ ትታዋለች። «የአይጦቹን ደም መርምር። ሆድ የበላውን አይክድም። ቀያይሬ ከተገኘሁ በራሴ እግር እወጣለሁ። ካልተገኘሁ ግን ከዚህ የሚያስወጣኝን አያለሁ!»

ዶክተሩ ደሙን ራሱ መረመረው። ረዳቶቹን አላስጠጋም። ደገመው። ቪታሚኑ ባለ ቀይ ክዳኖቹ ደም ውስጥ ሞልቷል፤ ባለ ነጮቹ ጋ የለም። ሴትዮዋ አላቀያየረችም።

እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ፊቱ ቆመች።

«እህስ? ማን ነው የተሳሳተው? ፈጣሪ ይመስገን! አሁን ደግሞ ስሜ ተበላሸ ብለህ አልቅስ!»

ዶክተሩ እውነትም ያለቅስ ነበር። ስልኩን አንስቶ ደወለ።

«እማዬ» አለ፣ «በየቀኑ ውሰጂ ያልኩሽን ቪታሚን… ዛሬም ወሰድሽው?»