ሼህ ይማም ያላሰሩት ማተብ

እናቴ ጀውሃራ አሜሪካ፣ ሲታክ ከተማ ያለው ቤታችን እንግዳ በመጣ ቁጥር የምታወራው አንድ ኩራት አላት። ቅድመ አያቷ ሼህ ይማም፣ ያኔ ወሎ ውስጥ ሙስሊሙ በግድ ክርስትና ሲነሳ፣ "ማተብ አላስርም" ብለው ሸሹ። እኛ የእሳቸው ዘር ነን።

በዒድ ጠዋት፣ አዲሱ ሻርፔ አንገቴን እያሳከከኝ፣ የት እንደሸሹ ልጠይቅ ደሴ ላሉት የእናቴ አክስት ለእትዬ ዘይነባ በቪዲዮ ደወልኩ።

"ሸሽተዋል" አሉ እትዬ ረጋ ብለው። "ሚስትና ልጆቻቸውን ጥለው፣ ብቻቸውን። ክርስትና የተነሱት፣ ማተብ የታሰረላቸው የቀሩት ናቸው። እናንተ የማን ልጆች መሰላችሁ?"

እናቴ ስልኩን ነጠቀችኝ።

"በዒድ ቀን እንዲህ አይባልም፣ እትዬ። በእኛ ዘር ማተብ የሚባል ነገር የለም።"

"ታዲያ ከሻርፕሽ ሥር ብቅ ያለው ጥቁር ክር ምንድን ነው?"

እናቴ ሳቀች። ምንም እንደሌለ ልታሳያቸው ሻርፗን ፈታ ጣለችው። ክሩ አንገቷ ላይ ጥብቅ ብሏል።

ሳቋን አቆመች። ልፈታላት ዙሪያውን በጣቴ ዳበስኩት። ቋጠሮ የለውም።

ያኔ እኔም ሻርፔን አወለቅኩ። ማሳከኩ አልተወኝም።