በፍሳሽ ላይ የቀረበ አቤቱታ

ከአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ስልክ ሲደወል ባለላሟ የማለቢያ ክፍሉን ወለል በአካፋ እየጠረገች ነበር። ዘንድሮ ያመጣችው ብልሃት ነው፤ እበቱን በደረቁ በአካፋ ማንሳት፣ ከዚያ በትንሽ ውሃ ማጠብ። ውሃ ይቆጥባል። እበቱን የሚሸከመውን የባሏን ወገብ ግን አይምርም።

“ፍሳሽዎን በተመለከተ አቤቱታ ቀርቧል። ሐሙስ መጥቼ አያለሁ” አለ ተቆጣጣሪው፤ ስልኩም ተዘጋ።

ባለላሟ ክው አለች። ባሏን ጠርታ በጣቷ የሽቦ አጥሩን አሳየችው።

“ሌላ ማን ይሆናል? ያ ኮስታራ ነው።”

ከአጥሩ ወዲያ፣ ቁልቁል፣ የዚያ ኮስታራ ጎረቤታቸው የጎመን ማሳ አለ። የማለቢያ ክፍሉ እጣቢ በቦይ ወርዶ በማሳው ጠርዝ ያልፋል። አምና ጊደሯ አጥር ጥሳ ጎመኑን ከበላች ወዲህ ሁለቱ ቤቶች ተኳርፈዋል፤ የእግዜር ሰላምታ እንኳ የላቸውም። ያኔ አንዱ ጥቅል ጎመን ትራስ ያህል ነበር። አሁን ቅጠሉ ገርጥቶ አንገቱን ደፍቷል።

“አየህ? የእኛ እጣቢ ነው ያቃጠለው” አለች። በረቱ ከታሸገ ላሞቹ ለሥጋ ነጋዴ መሄዳቸው ነው። እያንዳንዷን ከጥጃነቷ ጀምራ በእጇ ነው ያሳደገቻት፤ ይህን ስታስብ እንባዋ መጣ።

“ሄደሽ ብታናግሪውስ?” አለ ባሏ።

“እኔ? እሱን? ሞቼ ነው ቆሜ!”

ስለዚህ ቁፋሮ ተጀመረ። ከበረቱ ጀርባ አዲስ የፍሳሽ ጉድጓድ ተቆፈረ፣ በሲሚንቶ ተለሰነ፣ ክዳን ተደረገለት። ወደ አጥሩ የሚወርደው ቦይ በድንጋይና በጭቃ ተደፈነ። ባል “ኧረ ወገቤ!” ባለ ቁጥር “ላሞቹ ይሂዱልህ?” ትለዋለች። ዶማውን መልሶ ያነሳል።

ቦዩ በተደፈነ ማግስት ኮስታራው ወደ ደረቀው ቦይ መጣ። ጎንበስ ብሎ አፈሩን ነካ፣ ቀና ብሎ ባለላሟን ከእግር እስከ ራሷ ገላመጣት።

“አይ ምቀኛ! ማስረጃው ሲጠፋበት አንገበገበው” አለች።

ቢሆንም ፍርሃቷ ከኩራቷ በለጠ። አንድ ጠርሙስ ወተት ሞልታ ባሏን ላከችው። ባል ከነወተቱ ተመለሰ።

“ምን አለህ?”

“‘ወተት ማን ጠየቃት?’ አለኝ።”

ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። የሚያባብሉት ሰው አልነበረም ማለት ነው፤ ሊያዘጋት ቆርጧል።

ሐሙስ ተቆጣጣሪው ቦቲ ጫማውን አጥልቆ መጣ። አዲሱን ጉድጓድ ዞሮ አየ፣ ክዳኑን ከፍቶ አሸተተ፣ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወደ አጥሩ ወረደ። ኮስታራው እጆቹን አጣምሮ ቆሞ ይጠብቃል። ተቆጣጣሪው ስንጥቅጥቅ ያለውን ቦይ በጫማው ጫፍ ጫር ጫር አደረገና አንዴ ጎመኑን፣ አንዴ ባለላሟን አየ።

“አንድ ጠብታ ወደ እሳቸው አታልፍም!” አለች ባለላሟ ደረቷን ነፍታ። “ካላመኑኝ ያስቆፍሩት።”

“እሱንማ እያየሁ ነው፣ እትዬ” አለ ተቆጣጣሪው ግራ ገብቶት፤ “ግን እኮ እሳቸው ያመለከቱት ‘ፍሳሹን ቀነሰችብኝ፤ ጎመኔን በምን ላጠጣ?’ ብለው ነው።”