የብረት ባንዱን ማን አስቀረው?

አስማረ የማሲንቆውን ጭራ በመኪና የፍሬን ሽቦ ሲተካ የአርብ ገበያ ሰው «አበደ» አለ። ጓደኛው ጓዴ ከበሮውን ጥሎ የካሚዮን ቸርኬ መደብደብ ሲጀምር «ሁለት ሆኑ» አለ። የገበሬ ማኅበሩን ድምፅ ማጉያ ደቅነው የተጫወቱ ዕለት የገበያው አህያ ሁሉ ጭነቱን እየጣለ ፈረጠጠ። በሦስተኛው አርብ ግን ወጣቱ እስክስታውን ትቶ ራሱን ይወዘውዝ ጀመር። እንዲህ ያለ ዘፈን የት ተሰምቶ ያውቃል? የሚሰማ ጠፋ እንጂ!

የአስማረ ምኞት አንድ ነበር፤ ንፋስ መውጫ ላይ የአውራጃውን የኪነት ውድድር አሸንፎ ጎንደር መሄድ፣ ከዚያም በሬዲዮ መሰማት። ለልምምድ ሲል መሠረተ ትምህርቱን ዘለለው። ሚስቱ ታንጉ አንድ ቀን ሳታጓድል ተማረች።

«ያምናዎቹ አሸናፊዎች፣ የወገዳዎቹ፣ ከጎንደር ተመለሱ?» አለችው።

«ምን ሊመልሳቸው! ጦሩን ሊያዝናኑ ወደ ሰሜን ተላኩ። ዕድል ማለት ይኼ ነው!»

«ሚስቶቻቸውስ ምን ይላሉ?»

«ምን ይላሉ፣ ይኮሩባቸዋል እንጂ።»

ባንዱ ሁለት ዓመት ተመዘገበ፤ ሁለቴም ሳይጫወት ተሰረዘ። «ስም የሌለው ጥቆማ መጥቶባችኋል» ተባሉ።

«ሙላው ነው» አለ አስማረ። ሙላው የማኅበሩ ጸሐፊ ነው፤ ዋሽንት ይነፋል፣ ብረት ሲጮህ ጆሮውን ይይዛል። ከእሱ ሌላ ማን ሊጽፍ?

«ምቀኛ አታሳጣኝ ነው፤ ተወው» አለች ታንጉ።

በሦስተኛው ዓመትም ተሰረዙ። አስማረ በሰው ፊት አለቀሰ። ጓዴ ተስፋ ቆርጦ ቸርኬውን ለደብሩ ደወል ይሁን ብሎ ሰጠ። የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ዘበኛ ግን አዘነለትና ጥቆማውን ደብቆ አወጣለት።

አስማረ ወረቀቱን ደረት ኪሱ ከትቶ፣ ቁልፉን ቆልፎ፣ በአንድ ትንፋሽ ቤቱ ደረሰ። ታንጉ ገብስ ታበጥራለች።

«በይ ተነሽ! ይኼ ሙላው ምን ብሎ እንደጻፈብን አንብቢልኝ። ነገ ሸንጎ ላይ አቆመዋለሁ፤ እስር ቤት ሳላስገባው እንቅልፍ አይወስደኝም።»

ታንጉ ሰፌዱን አስቀመጠች።

አስማረ የኪሱን ቁልፍ ገና ሲፈታ፣ እሷ «ለጓድ ሊቀመንበር፤ የእነዚህ ሰዎች ጩኸት የኢምፔሪያሊስት ነው…» ብላ ጀምራ እስከ መጨረሻው በቃሏ ወጣችው።