እኔ ልቅደም

ጋሽ ይርዳው ጉበቱ ስብ እንደያዘ ከተነገረው ወዲህ ሐኪም ማየት አስጠልቶታል። "ስንት ዘመን ከባድ መኪና የነዳሁ ሰው ጉበቴን በመርፌ አላስወጋም!" ሲል ከርሞ፣ ዛሬ ሚስቱ አስካለ ለምና ደሴ ካለ አንድ ክሊኒክ አመጣችው።

"መርፌ የለውም፤" አለችው ወጣቷ ዶክተር። "ይህ መሣሪያ ጎንዎን ከላይ መታ መታ ያደርግና ጉበትዎ ጠባሳ ይዞ ጠንክሮ እንደሆነ ያሳየናል።"

"ይጠንክራ! እኔስ መች ለስላሳ ሆኜ አውቃለሁ?" ብሎ ወደ በሩ ሄደ።

አስካለ ነጠላዋን ወንበሩ ላይ ጣለች። ቀጭን ሴት ናት፤ መጠጥ በአፏ ዞሮ አያውቅም፤ ያለባት ስኳር ብቻ ነው። እሱ ሳይበላ እንዲመጣ ስለታዘዘ እሷም ቁርስ አልቀመሰችም።

"በል እኔ ልቅደምልህ። ካመመኝ አብረን እንሄዳለን፤" አለችና አልጋው ላይ ወጣች።

ዶክተሯ ሳቀችና መሣሪያውን ከጎድን አጥንቷ መሀል አሳረፈችው።

"አየህ? በጣት እንደ መነካካት ነው!" አለች አስካለ።

ይርዳው አፈረ። የሸሚዙን ቁልፍ እየፈታ፣ "በይ ውረጂ፤ ተራዬ ነው፤" አላት።

ዶክተሯ ግን መሣሪያውን አላነሣችም። ደግማ ለካች። ቦታ ቀይራ እንደገና ለካች። ሳቋ ጠፍቷል።

"እናቴ፣ አይነሡ፤ ትንሽ ይቆዩልኝ።"

አስካለ የዶክተሯን ፊት ለአፍታ አየችና እጇን ያዘቻት።

"የኔን ኋላ ትነግሪኛለሽ፣ ልጄ፤" አለች በሹክሹክታ፣ ከአልጋው እየወረደች። "አሁን ሐሳቡን ሳይቀይር የእሱን ለኪው።"