አርባኛው የዋርካ ሜዳ ነዋሪ

ነዋሪዋ ከአርባ ያነሰ የገጠር ከተማ ከካርታ በሚፋቅበት፣ ውኃዋም በዚያው ቀን በሚቋረጥበት ዘመን፣ መሪጌታ ኅሩይ ዋርካ ሜዳን ሦስት ጊዜ ቆጥረው ሠላሳ ዘጠኝ ሰው አገኙ። የመጪውን ሺህ ዓመት በዓላት በቃላቸው የሚቀምሩት ሊቅ ላባቸውን ጠረጉ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ትርንጎ ከእንስራው እስከ ጠላ ጋኑ ድረስ ውኃ እየሞሉ፣ "ወንዝ ማዶ ያሉትን መሪጌታ ላእከ ማርያምንስ ቆጠሯቸው?" አሉ።

"ያንን ዜማ አበላሽ?"

"ሃያ ዓመት ተኮራርፋችሁ ብትኖሩስ፣ ሰው አይደሉም?"

መሪጌታ ኅሩይ እያፈሩ ወንዙን ተሻገሩ።

ላእከ ማርያም ከደጃፋቸው ሳይነሡ፣ "እቆጠርልዎታለሁ፤ መጀመሪያ ግን ያጣላንን ዜማ በእኔ ስልት ያዚሙልኝ" አሉ።

መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ስሕተት ነው እያሉ ሲያስተምሩ የኖሩትን አዜሙ። ከራሳቸው አዜማዜም ይልቅ ማማሩ አናደዳቸው።

"በቃ፣ አርባ ብለው ይጻፉ!" ቢባሉም አልሰሙም፤ ዜማውን እየደገሙት ነበር።